ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት የቤንዚኑን ግፊት ለኩ

መኪናው ቃሊቲ ሜዳ ላይ ደህና ይሄዳል። ከጉለሌ ወደ ሱሉልታ የሚወጣውን ዳገት ሲጀምር ግን ጉልበት ይከዳዋል። ይንተፋተፋል፣ ነዳጅ ሲረገጥ ይለግማል፣ ሲብስበት ቀጥ ብሎ ይጠፋል። ከዚያ ጋራዥ ይገባል። ኮፈኑ በቅጡ ሳይከፈት «ፓምፑ ነው» ይባላል። ባለቤቱ ሶማሌ ተራ ሄዶ ፓምፕ ይገዛል፣ ያስገጥማል። በማግስቱ እዚያው ዳገት ላይ ያው መንተፋተፍ ይጠብቀዋል።

እንዲህ በግምት የሚወጣ ገንዘብ ያንገበግበኛል። በተለይ መኪናዋ የዕለት እንጀራው ለሆነች ሹፌር ቀላል ነገር አይደለም። ፓምፑ ጤነኛ ይሁን አይሁን አንድ የግፊት ጌጅ ገጥሞ ማወቅ ይቻላል። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ጥንቃቄው ግን ከባድ ነው። ቁልፍና ካቻቢቴ የመያዝ ልምድ ካላችሁ ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ። ከሌላችሁም የሚሠራላችሁን መካኒክ ምን እንደምትጠይቁት ታውቃላችሁ።

መጀመሪያ መኪናችሁን እወቁ

ኮፈኑን ክፈቱና ኢንጀክተሮቹ፣ ማለትም ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚረጩት አፎች፣ የተሰኩበትን ረጅም ቱቦ ፈልጉ። ሬል ይባላል። ወደ እሱ የሚመጣው የቤንዚን መስመር አንድ ነው ወይስ ሁለት? ሁሉም ነገር ከዚህ ይጀምራል።

ሁለት ከሆነ አንዱ ቤንዚን ያመጣል፣ ሌላው የተረፈውን ወደ ታንክ ይመልሳል። ግፊቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ሬሉ ላይ ተቀምጧል። ከጀርባው ወደ ማኒፎልድ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባበት ቱቦ) የሚሄድ ቀጭን የቫኪዩም ጎማ አለው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩት ባለ ኢንጀክተር ኮሮላዎች እንዲህ ናቸው። ባለ 4ኤ ሞተሩ ኮሮላ የቫኪዩም ጎማው ተነቅሎ ከ38 እስከ 44 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ማሳየት አለበት።

አንድ መስመር ብቻ ካያችሁ መላሽ የለውም ማለት ነው። ሬጉሌተሩ ከፓምፑ ጋር ታንክ ውስጥ ነው ያለው። ፊልትሮውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነው። ቪትዝ፣ ያሪስና ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡት ኮሮላዎች ከዚህ ወገን ናቸው። የነሱ ቁጥር በጥቅሉ ከ44 እስከ 50 ፒኤስአይ ነው። ጌጃችሁ በባር የሚያነብ ከሆነ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ መሆኑን ያዙ።

ካርቡራተር ላላቸው ለዲኤክስ ኮሮላና ለላዳ ከ3 እስከ 6 ፒኤስአይ ይበቃል። ለነሱ እስከ 15 ብቻ የሚያነብ ትንሽ ጌጅ ያስፈልጋል። ትልቁ ጌጅ ላይ መርፌው ከዜሮ አጠገብ ይንቀጠቀጣል እንጂ የሚነበብ ነገር አይሰጣችሁም።

መኪናችሁ የናፍጣ ኮመን ሬል ከሆነ እዚህ ላይ አቁሙ። እዚያ ያለው ግፊት ከ1000 ባር በላይ ይደርሳል። ከቀጭን ቀዳዳ የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፣ እጅ እስከ መቆረጥ ያደርሳል። የሱ ግፊት በስካነር ይነበባል እንጂ ቱቦ ተፈትቶ አይለካም። ቤንዚን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩ አዳዲስ ሞተሮችም በከፍተኛ ግፊት በኩል እንደዚያው ናቸው።

የሚያስፈልጋችሁ

እስከ 100 ፒኤስአይ የሚያነብ የቤንዚን ግፊት ጌጅ፣ ከነመገጣጠሚያዎቹ። የጎማ ንፋስ መለኪያ ለዚህ አይሆንም። ጌጁ ሳይገጠም መርፌው ዜሮ ላይ መቆሙን አረጋግጡ። ማስተንፈሻ ቁልፍ ያለው ቢሆን ይሻላል።

ብዙዎቹ ቶዮታዎች ሬል ላይ የመለኪያ አፍ የላቸውም። ስለዚህ ሦስት አፍ ያለው መገጣጠሚያ መስመሩ መሃል መግባት አለበት። ለሱ የምትጠቀሙት ጎማ የኢንጀክተር ጎማ ይሁን። ላዩ ላይ ጄ30 አር9 የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጠይቁ። የካርቡራተር ጎማ ይህን ግፊት አይችልም። የውሃ ጎማ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ። ከዚህ ሌላ ሁለት ሦስት ጥሩ ማጥበቂያዎች፣ ቴስተር፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ መነጽር፣ ጓንት፣ ወፍራም ጀሪካንና የዱቄት እሳት ማጥፊያ። እሳት ማጥፊያው ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

ቦታው

ዳር ከተማ ያሉ ብዙ ጋራዦች አጥር የሚጋሩት ከበያጅ ጋር ነው። ደጃፋቸው ላይ ቡና የሚፈላበት ከሰል አለ። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል። መሬት ለመሬት ተስቦ ይሄዳል፣ መኪና ሥር ለመሥራት የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥም ይተኛል። ስለዚህ መኪናውን ጉድጓድ ላይ አታቁሙት። ነፋስ ወደሚያገኘው ገላጣ ቦታ አውጡት። በያጁን «እስክጨርስ አንድ ሰዓት ታገሰኝ» በሉት። ከሰሉም ይራቅ። ሲጋራስ ጨርሶ አይነሳ።

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ታንኩ ቢያንስ ሩብ ያህል ቤንዚን ይኑረው። በባዶ ታንክ የተወሰደ ልኬት ያሳስታል።

ግፊቱን አውጡ

ሞተሩ ከጠፋ በኋላም መስመሩ ውስጥ ግፊት ይቆያል። ሳታወጡት ከፈታችሁ ቤንዚኑ ፊታችሁ ላይ ይረጫል።

የፓምፑን ፊውዝ ወይም ሪሌ ንቀሉ። ቪትዝ ላይ የኋላውን ወንበር አንስታችሁ የፓምፑን ሶኬት መንቀልም ትችላላችሁ። ከዚያ ሞተሩን አስነሱ። ለጥቂት ሰከንድ ሠርቶ ይጠፋል። ሞተሪኖውን ለሁለት ሦስት ሰከንድ ደግማችሁ ምቱ። ቁልፉን አጥፉ፣ የታንኩን ክዳን ከፍታችሁ መልሳችሁ ዝጉ። በመጨረሻ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁም መስመሩ ውስጥ ትንሽ ቤንዚን ይቀራል። መገጣጠሚያውን ስትፈቱ በጨርቅ ሸፍናችሁ ይሁን።

ጌጁን መግጠም

የፕላስቲክ መገጣጠሚያውን ከመንካታችሁ በፊት ዙሪያውን በብሩሽ አጽዱ። የዳር ከተማ አቧራ እዚያ ላይ ተጋግሮ ነው የሚቆየው። ሲፈታ ወደ ውስጥ ከገባ ቀጥታ ኢንጀክተር ላይ ይሄዳል። ሁለቱን ጆሮዎች በጣት ተጫኑ፣ ትንሽ ወዘወዝ አድርጋችሁ ሳቡ። እምቢ ካለ ታገሱት እንጂ በካቻቢቴ አትፈልቅቁት። ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ መስመሩ ሙሉ ይቀየራል።

መገጣጠሚያውን መሃል አስገቡ፣ ማጥበቂያዎቹን አጥብቁ፣ የጌጁን ጎማ ከቺንጋና ከማራገቢያው አርቁ። ፓምፑንና ባትሪውን መልሱ። ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት መስመሩ ግፊት ሲሞላ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በዓይን ፈትሹ። አንዲት ጠብታ ካያችሁ ሥራው ይቁም። «ትንሽ ነው» ብሎ ማለፍ የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ጤነኛ ፓምፕ ያስጣለ ነገር አለ። ቁልፍ ሲከፈት ከኋላ ወንበር «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ካልተሰማ ፓምፑ ሞቷል የሚል እምነት አለ። በርካታ የቆዩ ቶዮታዎች ግን ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ፓምፑን አያሠሩትም። የሚያሠሩት ሞተሪኖው ሲመታና ሞተሩ ሲዞር ነው። ዝም ስላለ አትፍረዱበት። ሞተር ክፍል ውስጥ የምርመራ ሳጥን ያላቸው ኮሮላዎች ላይ ክዳኑ ሥር ኤፍፒ እና ፕላስ ቢ ተብለው የተጻፉትን ሁለቱን በሽቦ አገናኝቶ ቁልፍ መክፈት ፓምፑን ያስነሳዋል። ክዳኑን በጥንቃቄ አንብቡ። የተሳሳተ ቀዳዳ ኮምፒዩተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

መርፌውን ማንበብ

ሞተሩን አስነሱና በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ይሥራ። መላሽ የሌለው መኪና ላይ ንባቡ ከ44 እስከ 50 መሃል ረግቶ ይቆማል። ነዳጅ ብትረግጡም ብትለቁም ብዙም አይነቃነቅም። 2500 ዙር ላይ ያዙት። ያው መሆን አለበት።

መላሽ ያለው መኪና ላይ ሁለት ንባብ ትወስዳላችሁ። አንዱ የቫኪዩም ጎማው እንደተሰካ፣ ሌላው ተነቅሎ አፉ በጣት ተደፍኖ። ስትነቅሉት መርፌው ከፍ ይላል። ጎማውን ስትነቅሉ ውስጡን እዩ፣ አሽትቱም። ቤንዚን ካረጠበው የሬጉሌተሩ ውስጠኛ ሽፋን ተቀዷል። ሌላ ምርመራ ሳያስፈልግ ይቀየራል።

ከፍ የሚለው በስንት ነው? ይህን ጥያቄ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ላይ ቆም ብለን ማየት አለብን። በውጭ መጻሕፍትና ቪዲዮዎች ከ8 እስከ 10 ፒኤስአይ ልዩነት ይጠበቃል ይባላል። ያ የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው። የማኒፎልዱ ቫኪዩም ማለት በውጭው አየርና በማኒፎልዱ ውስጥ ባለው አየር መካከል ያለ ልዩነት ነው። ከተማችን 2300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የውጭው አየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውጭው ዝቅ ሲል ልዩነቱም ያንሳል። ስለዚህ ጤነኛ ሬጉሌተር እኛ ጋ ከ5 እስከ 7 ፒኤስአይ ብቻ ቢያነሳ አትደንግጡ። ሱሉልታ ላይ ደግሞ ከዚያም ትንሽ ይቀንሳል። ቪዲዮ አይተው «10 ካልሞላ ሬጉሌተሩ አልቋል» የሚሉ አሉ። በዚህ ከፍታ ላይ ይህ አይሠራም።

መላሽ የሌለው መኪና ከ44 እስከ 50 የሚለው ቁጥርም፣ መላሽ ያለው ከ38 እስከ 44 የሚለው የተነቀለ ጎማ ቁጥርም ግን እኛም ጋ እንዳለ ይሠራል። ጌጁም ሬጉሌተሩም የሚለኩት ከአካባቢው አየር አንጻር ስለሆነ ከፍታው አይቀይረውም።

ዳገቱ ላይ

በሚኒሞ ደህና የሆነ ፓምፕ በጭነት ሊወድቅ ይችላል። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ የሚጠጣው ቤንዚን ጥቂት ነው። የደከመ ፓምፕም ይህን አያጣም። እውነቱ የሚወጣው ሞተሩ በርትቶ ሲጠይቅ ነው። ችግሩ ዳገት ላይ ብቻ ከሆነ ልኬቱም ዳገት ላይ መሆን አለበት።

የጌጁን ጎማ በኮፈኑ የኋላ ክፍተት አውጡና ጌጁን በዝናብ መጥረጊያው ሥር፣ ከመስታወቱ ውጭ አሥሩት። ኮፈኑ ጎማውን እንዳይጨፈልቀው እዩ። ጌጁን በምንም ምክንያት ወደ ጋቢና አታስገቡ። አንድ ጠብታ ቢያንጠባጥብ ውስጥ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። የሚነዳው መንገዱን ያይ፣ ሌላ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ መርፌውን ያንብብ። ለዚህ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ወይም ከጉለሌ ወደ ሱሉልታ ያለው መንገድ ከበቂ በላይ ነው። ሲኖትራክ የሚበዛበትን ሰዓት ግን አትምረጡ፤ ማለዳ ይሻላል።

ሙሉ ነዳጅ ስትረግጡ ቪትዝ ላይ መርፌው በቦታው መቆየት አለበት። መላሽ ያለው ላይ ቫኪዩም ጎማው እንደተነቀለ ወዳሳየው ቁጥር ይወጣል። 47 የነበረው ዳገቱ መሃል ወደ 35 ከወረደና መንተፋተፉም አብሮ ከጀመረ በሽታው ቤንዚን መስመር ላይ ነው። መርፌው ሳይነቃነቅ መኪናው ከደከመ ግን ፓምፑን ተዉት። በአቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮ፣ የተደፈነ ማርሚታ፣ ያረጀ ካንዴላ ወይም የደከመ ኮይል ፈልጉ።

ከፍታው ራሱም ጉልበት እንደሚቀንስ አትርሱ። ቱርቦ የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ በባሕር ወለል ካለው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። እንጦጦ አናት ላይ ሩብ ያህሉን። አምስት ሰው የጫነች ባለ 1000 ሲሲ ቪትዝ እዚያ ብትንቀራፈፍ በሽታ አይደለም። ለስለስ ብሎ መድከም ተፈጥሯዊ ነው። መንተፋተፍና መጥፋት ግን ምክንያት አለው።

ካጠፋችሁ በኋላ

ሞተሩን አጥፉና 5 ደቂቃ ጠብቁ። ቶዮታዎች ላይ ቢያንስ 21 ፒኤስአይ መቅረት አለበት። ወዲያው ወደ ዜሮ ከወረደ፣ ቆሞ በቆየ ቁጥር ሞተሪኖውን ረጅም ጊዜ የሚያስመታችሁ ምክንያት ተገኘ ማለት ነው።

ግፊቱ የሚያመልጠው በሦስት በኩል ነው። አንደኛው በፓምፑ ውስጥ ባለው መመለስ ከልካይ ቫልቭ፣ ሁለተኛው በሬጉሌተሩ፣ ሦስተኛው በሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር። ለመለየት ግፊቱን እንደገና ሙሉና ሞተሩ በጠፋበት ቅጽበት ከታንክ የሚመጣውን ጎማ፣ ጌጁ ጋ ከመድረሱ በፊት ባለው በኩል፣ በመጨበጫ ቆንጥጡት። ግፊቱ ከቆመ የሚያመልጠው ወደ ታንክ ነው። አሁንም ከወረደ ሬሉ በኩል ነው። የምትቆነጥጡት እናንተ ያስገባችሁትን ጎማ ብቻ ነው፤ የፕላስቲክ መስመር ይሰበራል። ኢንጀክተር ከጠረጠራችሁ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ካንዴላዎቹን ፍቱ። ከሌሎቹ ተለይቶ የረጠበው የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ይነግራችኋል።

ግፊቱ ዝቅ ካለ

አሁንም ፓምፑን ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ለኩ። ሞተሩ እየሠራ የፓምፑ ሶኬት ላይ ያለውን ቮልት በቴስተር አንብቡ፣ ከባትሪው ጋር አወዳድሩት። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ብዙ ከበለጠ ፓምፑ ተርቦ ነው የሚሠራው። የዛገ ማሳ (ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኘው ኔጋቲቭ)፣ የተቃጠለ የሪሌ እግር ወይም ለማንቂያ ደወል ተብሎ ተቆርጦ በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ ፈልጉ። ይህ የመጨረሻው በጣም የተለመደ ነው። ጥገናው ከፓምፕ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ቮልቱ ደህና ከሆነ መላሽ ባለው መኪና ላይ የመላሹን ጎማ ለአንድ ሰከንድ ብቻ ቆንጥጡ። መርፌው ወደ ላይ ከዘለለ ወዲያው ልቀቁት። ፓምፑ ጉልበት አለው፣ ጥፋቱ የሬጉሌተሩ ነው። ካልዘለለ ፓምፑ ወይም ከፊቱ ያለው ፊልትሮ ነው።

ግፊት ብቻውን መጠንን አይናገርም። ስለዚህ መስመሩን ወደ ጀሪካን አዙሩና ፓምፑን ለ30 ሰከንድ አሠሩት። ለትንሽ መኪና ቢያንስ ግማሽ ሊትር መውጣት አለበት። ይህ የልኬቱ አደገኛ ክፍል ነው። ጀሪካኑ መሬት ላይ ይቀመጥ፣ ጎማው እንዳይወጣ ይታሰር፣ ሌላ ሰው እሳት ማጥፊያውን ይዞ ይቁም። ከወጣው ቤንዚን ጥቂት በንጹሕ ብርጭቆ ቅዱና ትንሽ ይርጋ። ሥር ላይ የሚንከባለል ነገር ካያችሁ ውሃ ነው። ቡናማ ደለል ከሆነ ዝገትና አፈር ነው።

ማደያ ላይ ሰልፍ ሲረዝም ከጀሪካን የሚገዛ ቤንዚን ብዙውን ጊዜ ይህን ይዞ ይመጣል። እጥረት ሲኖር ታንኩን እስከ መጨረሻው ማድረቅም ፓምፑን ይጎዳዋል። ፓምፑ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ቤንዚን ነውና። መርፌው ሳይረጋ የሚርገበገብ ከሆነም መጀመሪያ የምጠረጥረው የፓምፑ አፍ ላይ ያለችውን ወንፊት ነው። እሷ ከተደፈነች አዲስ ፓምፕም በጥቂት ጊዜ ይደክማል። ስለዚህ ፓምፑ በእርግጥ መሞቱ ከተረጋገጠ ወንፊቷንና ፊልትሮውን አብራችሁ ቀይሩ፣ ታንኩንም አጽዱ። ያገለገለ ፓምፕ ግን አልመክርም። ስንት እንደሠራ ማንም አይነግራችሁም።

ግፊቱ ከፍ ካለስ? ይህ ብርቅ ነው። የተጨፈለቀ መላሽ መስመር፣ የተጣበቀ ሬጉሌተር ወይም የተቀደደ የቫኪዩም ጎማ ያመጣዋል። ጥቁር ጭስና የቤንዚን ሽታ አብሮት ይመጣል።

ጌጁን መፍታት

ግፊቱን እንደ መጀመሪያው አውጡ። ጌጁ ማስተንፈሻ ካለው ቀጭኑን ቱቦ ጀሪካኑ ውስጥ አድርጋችሁ ተጫኑት። የወጣውን ቤንዚን ሃይላንድ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። መገጣጠሚያውን ስትመልሱ ቀጭ እስኪል ግፉትና ወደኋላ ሳብ አድርጋችሁ አረጋግጡ። ሞተሩን አስነስታችሁ በመብራት ፈትሹ። ትንሽ ነድታችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ ደግማችሁ እዩ። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ኮፈኑን ክፈቱና አሽትቱ። ሽታ ካለ መኪናው አይነሳ፣ መገጣጠሚያው እንደገና ይፈታ።